ጥሞና ሌላ፣ ብቸኝነት ሌላ

 

በዛሬው ጽሑፌ ላነሳው የፈለግኩት ጉዳይ እርጅናንና ጥሞናን የሚመለከት ነው። በአሁኑ ጊዜ «ሜዲቴሽን»፣ በአማርኛ ደግሞ «ተመስጦ» እየተባለ የሚጠራው ልምምድ በየአቅጣጫው ይወራለታል። በቀን ጥቂት ደቂቃ ጸጥ ብሎ መቀመጥ አንጎልን ከማርጀት ያድናል፣ መርሳትን ያስቀራል፣ ዕድሜን ያስረዝማል የሚሉ ወሬዎች በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ይህን የሚሰማው የከተማችን ሙስሊም ብዙውን ጊዜ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይመልሳል። አንዱ ወገን «ይህ የሌሎች እምነት ነው፤ ለእኛ ምን ይሠራልናል?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሌላው ደግሞ «እኛ ሶላትና ዚክር እያለን ምን ጎደለን? የእኛ ሽማግሌዎች እንደሆነ ድሮም በጥሞና ላይ ናቸው» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

እኔ እንደማየው ሁለቱም መልሶች አንድ ትልቅ ጉዳይ ሳይነኩ ያልፋሉ። በየቤታችን ጓዳ ሙስበሃ ይዘው የተቀመጡት እናቶችና አባቶች በእርግጥ በጥሞና ላይ ናቸውን? ወይስ ብቻቸውን ቀርተዋል? ወደዚህ ጥያቄ ለመድረስ ግን አስቀድመን ተመስጦ ምን እንደሆነ፣ የሕክምና ተመራማሪዎችም በአረጋውያን ላይ ሞክረው ምን እንዳገኙና ምን እንዳላገኙ በቅደም ተከተል መመልከት ይኖርብናል።

ተመስጦ ሲባል ምን ማለት ነው?

ተመስጦ በአጭሩ ሐሳብን በአንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ሐሳብ ሲሸሽም ሳይበሳጩ ቀስ ብሎ መመለስ ማለት ነው። ሐሳብ የሚያርፍበት ነገር የራስ ትንፋሽ ሊሆን ይችላል፤ የሚደጋገም ቃል ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከእግር ጣት ጀምሮ እስከ ራስ ድረስ የሰውነትን ስሜት በየተራ ማስተዋል ሊሆን ይችላል። ልምምዱ በብዙ እምነቶች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሲሆን ወደ ሐኪም ቤት የገባው ግን በቅርብ ጊዜ ነው።

በአሜሪካ የሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት የልብ ሐኪም የነበሩት ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ አንድን ቃል ወይም አጭር ጸሎት መደጋገም የሰውነትን ሁኔታ እንደሚለውጥ አስረዱ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰውነት የሚጠቀመው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ትንፋሽ ይረጋጋል፤ የልብ ምትም ዝግ ይላል። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1979፣ ጆን ካባት ዚን የተባሉ ምሁር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ከቡድሂዝም የተወሰደውን ልምምድ ከሃይማኖታዊ ሥርዓቱ ለይተው ለሳምንታት የሚቆይ ትምህርት አደረጉት። ትምህርቱ የታሰበው ሕመማቸው በሐኪም ቤት አልለቅ ላላቸው በሽተኞች ነበር። ዛሬ በአረጋውያን ላይ የሚደረገው ምርምር አብዛኛው የሚነሣው ከዚህ የስምንት ሳምንት ትምህርት ነው።

የአሠራሩ ምሥጢር የተወሳሰበ አይደለም። ሰውነታችን ያለ ፈቃዳችን የሚሠራ የነርቭ ሥርዓት አለው። የዚህ ሥርዓት አንዱ ክፍል እንደ መኪና ነዳጅ መስጫ ነው፤ ስንደነግጥ፣ ስንቆጣ ወይም ስንጨነቅ ልብን ያስሮጣል፣ የደም ሥርን ያጠብባል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሌላው ክፍል እንደ ፍሬን ነው፤ ልብን ያረጋጋል፣ ምግብ እንዲፈጭ፣ እንቅልፍም እንዲመጣ ያግዛል። ትንፋሽን በእርጋታ ስንስብና ረዘም አድርገን ስናስወጣ ፍሬኑን እንረግጣለን። ጭንቀቱ ቀን ከሌት የማይለቀው ሰው ግን እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ እንዳላነሳ ሾፌር ነው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ልብም፣ የደም ሥርም ይህን ሩጫ የመሸከም አቅማቸው ይቀንሳል።

ምርምሮቹ ምን አገኙ?

አንጎል አያረጅም ለሚለው ወሬ መነሻ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሣራ ላዛር የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ነው። ለብዙ ዓመታት ተመስጦ የተለማመዱ 20 ሰዎች ከሌሎች 15 ሰዎች ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለትኩረት የሚያገለግሉ አንዳንድ የአንጎል ቅርፊት ክፍሎች በተለማማጆቹ ዘንድ ወፍረው ተገኙ። ልዩነቱም በዕድሜ ገፋ ባሉት ላይ ይበልጥ ጎልቶ ታየ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ነገር ግን ጥናቱ አንድ ጊዜ የተነሣ ፎቶግራፍ ዓይነት ነበር። ሰዎቹ ቀድሞውንም በአኗኗራቸው፣ በአመጋገባቸውና በጠባያቸው ከሌላው የተለዩ ይሁኑ ወይስ ተመስጦው ለውጧቸው እንደሆነ ከአንድ ፎቶግራፍ መለየት አይቻልም። ይህን ለመለየት ሰዎችን በዕጣ መድቦ፣ ጊዜ ሰጥቶ፣ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው መለካት ያስፈልጋል።

ይህም ተደርጓል። በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 137 ጤናማ አረጋውያን በዕጣ በሦስት ተመደቡ። አንደኛው ቡድን ለ18 ወራት ተመስጦ ተማረ፤ ሁለተኛው በዚያው ጊዜ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ተማረ፤ ሦስተኛው ምንም ሳይማር እንደወትሮው ኖረ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ጃማ ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ተመራማሪዎቹ ዋነኛ ዒላማ ባደረጓቸው የአንጎል ክፍሎች ስፋትም ሆነ የደም ዝውውር ላይ ተመስጦው አስተማማኝ ለውጥ አላመጣም። በአንጻሩ ትኩረትን በመግዛት፣ ከሰው ጋር ባለ ስሜትና ራስን በማወቅ ረገድ በተደረገው መለኪያ ተመስጦ የተማሩት ቋንቋ ከተማሩት የተሻለ መሻሻል አሳዩ።

በዚያው በ2022 በአሜሪካ የተደረገ ሌላ ሰፊ ጥናት ውጤትም ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 84 ዓመት የሆኑ፣ «የማስታወስ ችሎታዬ እየደከመ ነው» የሚል ሥጋት የነበራቸው 585 ሰዎች በአራት ተመድበው ከፊሎቹ ተመስጦ፣ ከፊሎቹ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ከፊሎቹ ሁለቱንም፣ የቀሩት ደግሞ የጤና ትምህርት ብቻ ተሰጣቸው። ከስድስት ወር በኋላ በተደረገው የማስታወስ ፈተና ተመስጦውም ሆነ እንቅስቃሴው ከጤና ትምህርቱ የበለጠ ጥቅም አላሳየም።

እንግዲህ «አንጎልን ወጣት ያደርጋል፣ መርሳትን ያስቀራል» የሚለው ወሬ በዕጣ ምደባ በተደረጉት በእነዚህ ሁለት ጥናቶች ድጋፍ አላገኘም። ታዲያ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ጥቅሙ የታየው ሌላ ቦታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ እንቅልፍ የሚያስቸግራቸውን 49 ሰዎች ተመልክቷል። ለስድስት ሳምንታት ተመስጦ የተማሩት ስለ እንቅልፍ አጠባበቅ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው የተሻለ እንቅልፍ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ደግሞ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 282 ሰዎች የሚመለከት ነበር። ተመስጦ የተማሩት የዕለት ሥራቸውን በመሥራት በኩል ለጊዜው ሲሻላቸው ታይቷል፤ ነገር ግን ይህ ብልጫ ከስድስት ወር በኋላ አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ከ55 እስከ 85 ዓመት ዕድሜ ባላቸው 40 ሰዎች ላይ በተደረገ አነስተኛ ጥናት የስምንት ሳምንቱ ትምህርት የብቸኝነትን ስሜት ቀንሷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መግለጫ ተመስጦ ለልብ ጤንነት የተወሰነ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል፣ ሆኖም ማስረጃው መጠነኛ መሆኑንና የሚወሰደውም ከዋናው ሕክምና ጋር ተደርቦ እንጂ በምትኩ እንዳልሆነ አስታውቋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ተመስጦ ያረጀውን አንጎል አያድስም፤ ያረጀው ሰው ከእንቅልፍ ማጣቱ፣ ከሕመሙና ከብቸኝነቱ ጋር የሚኖርበትን አኳኋን ግን በመጠኑ ያቀልለታል። ይህ ደግሞ ለአንድ የሰባ ዓመት ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

በእኛ ዘንድስ?

ጥሞና ለሙስሊሙ እንግዳ ነገር አይደለም። ቁርኣን በኣሊ ዒምራን ምዕራፍ ውስጥ ቆመውም፣ ተቀምጠውም፣ በጎናቸው ተጋድመውም አላህን የሚያወሱትንና ስለ ሰማያትና ምድር አፈጣጠር የሚያስተነትኑትን ሰዎች ያወሳል። እዚህ ላይ ተጋድሞ ማውሳትም መጠቀሱን ልብ ይሏል፤ ጉልበቱ የደከመ ሽማግሌም ሆነ አልጋ የያዘች አሮጊት ከዚህ በር አልተዘጋባቸውም። ኢማም አል-ገዛሊ (1058-1111 እ.ኤ.አ.) አርባ ክፍሎች ባሉት «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በተሰኘው ሥራቸው የመጨረሻዎቹን ሦስት ክፍሎች በተራ የሰጡት ነፍስን ለመጠበቅና ለመመርመር (ሙራቀባና ሙሓሰባ)፣ ለማስተንተን (ተፈኩር) እና ሞትን ለማስታወስ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለማንኛውም ሰው የሚበጅ ቢሆንም ዕድሜው ለገፋ ሰው በተለይ የተሰናዳ ይመስላል።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች የተደረጉት በትምህርት መልክ በተሰጠ ተመስጦ ላይ ነው እንጂ በዚክር ወይም በሶላት ላይ አይደለም። ስለዚህ የእነርሱን ቁጥር አንስቶ «ዚክር የደም ግፊትን ይህን ያህል ይቀንሳል» ብሎ ማወጅ ከእውቀትም ከአደብም ይርቃል። ሁለተኛ፣ ዒባዳ የሚፈጸመው ለአላህ ተብሎ ነው። ሙስበሃን እንደ ክኒን ቆጥሮ፣ እንቅልፍ ካልመጣ ሊጥሉት፣ ከመጣ ሊይዙት አይገባም። ከዒባዳ በኋላ ልብ ቢረጋጋ የአላህ ችሮታ ነው፤ ኒያው ግን ሌላ ነው። በተመሳሳይ መንገድ ትንፋሽን ማረጋጋት ወይም ሰውነትን ማፍታታት ለጤና የሚደረግ ነገር ሲሆን፣ ከሌላ እምነት የመጡ የአምልኮ ቃላትን መደጋገም ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በዚህ ረገድ ጥያቄ ያለው ሰው ዑለማዎችን ይጠይቅ እላለሁ፤ እኔ ጋዜጠኛ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም።

ለአረጋውያን የሚጠቅሙ በርካታ ነገሮች በአንድ ላይ የሚገናኙበት ቦታ ቢኖር መስጂድ ነው። አምስቱ ፈርድ ሶላቶች በቀን 17 ረከዓ ናቸው፤ መቆም፣ ማጎንበስና መነሣት አለባቸው። ወደ ጀማዓ መሄድ የእግር መንገድ ነው። ሰላምታው የሰው ድምፅ ነው። በመግሪብና በዒሻ መካከል ባሉት ደቂቃዎች በየመስጂዱ ምሰሶ ሥር ተደግፈው የሚቀመጡትን አባቶች ያየ ሰው ጥሞናና ጉርብትና እንዴት እንደሚስማሙ ያስተውላል። አንዱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዝም ይላል፤ ሌላው ቁርኣን ይቀራል፤ አንደኛው የቀረ እንደሆነ ግን «ዛሬ ሐጂ ምነው አልመጡም?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ «ምነው አልመጡም?» የሚል ጥያቄ በብዙ ቤቶቻችን ውስጥ የጠፋው ነገር ነው።

ጓዳ የገባችው እናት

ባለፈው ጊዜ አንድ ወዳጄን ለመጠየቅ ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ሄጄ ነበር። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። የወዳጄ እናት በመጨረሻው ክፍል አልጋቸው ላይ ሙስበሃ ይዘው ተቀምጠዋል። የልጃቸው ሚስት በአክብሮት «እማማ ዚክር ላይ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ናቸው፣ ማሻአላህ! ማንንም አያስቸግሩም» አለችኝ። ገብቼ ጉልበታቸውን ስሜ «እናቴ፣ አላህ ይቀበልዎት፤ እንዴት ነው ቀኑ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አልሰሙኝም። ጠጋ ብዬ ደገምኩት።

«ልጄ፣ ዚክሩስ አልሐምዱሊላህ ነው» አሉኝ። «ድሮ ግን ቡናውም ከሰው ጋር ነበር፣ ዱዓውም ከሰው ጋር ነበር። አሁን ሰዎቹ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚሉት አይሰማኝም። ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ፤ በምን እንደሚስቁ ግን አላውቅም። ሲታክተኝ ወደዚህ እገባለሁ።»

ቤተሰቡ ክፉ ቤተሰብ አልነበረም። ምግባቸው በሰዓቱ ይቀርባል፤ ልብሳቸው ንጹሕ ነው። ነገር ግን የእናትየው ጸጥታ ከዒባዳ ብቻ የመጣ መስሏቸው ነበር። በኋላ ወደ ጆሮ ሐኪም ሲወስዷቸው አንደኛው ጆሯቸው በደረቀ ኩክ ተደፍኖ ተገኘ፤ ተጠረገላቸው። ለሌላው የመስሚያ መሣሪያ ታዘዘላቸው። ዛሬ እኚህ እናት ቡናው ላይ ይቀመጣሉ፤ ነገር ሲነገር መልስ ይሰጣሉ፤ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ «በሉ እንግዲህ» ብለው ተነሥተው ወደ ዚክራቸው ይገባሉ። አገባቡ ከቀድሞው ጋር አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን ያኔ የገቡት የሚሰማቸውና የሚሰሙት ሰው አጥተው ነው፤ አሁን የሚገቡት ወደው ነው።

የጽሑፌ ዋና ነጥብ ይህ ነው። የተመረጠ ብቻ መሆን ጥሞና ነው፤ ያልተመረጠ ብቻ መሆን መገለል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወሕይ ከመውረዱ በፊት በሒራ ዋሻ ብቻቸውን ሆነው ብዙ ሌሊቶችን ያሳልፉ እንደነበር ሲራቸው ይነግረናል። ስንቃቸውም ሲያልቅ ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ይመለሱ ነበር፤ በዚያች ታላቅ ሌሊት የሆነው ሆኖ ሲደነግጡም የተመለሱት ወደ እርሷው ነው፤ ያለበሰቻቸውም፣ ያጽናናቻቸውም እርሷ ናት። ኸልዋ ማለት እንዲህ ነው፤ መመለሻ ቤት፣ የሚጠብቅ ሰው አላት። መመለሻ የሌላት ኸልዋ ግን ስሟ ኸልዋ ይሁን እንጂ እስራት ናት።

ይህን የምለው ለስሜት ብቻ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት የሰበሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጡት ሪፖርት በዓለም ላይ ከሚከሰተው የአእምሮ መዳከምና የመርሳት በሽታ 45 ከመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት የሚቻልባቸውን 14 ምክንያቶች ዘርዝረዋል። ከእነዚህም ውስጥ የመስማት ችሎታ መቀነስ፣ ሕክምና ያላገኘ የዓይን መድከም፣ የደም ግፊት፣ ስኳር በሽታ፣ ድብርት፣ አለመንቀሳቀስ፣ ሲጋራ ማጨስና ከሰው መገለል ይገኙበታል። እንግዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን፣ የማትሰማውን፣ ደረጃ የማትወርደውን፣ የደም ግፊቷ ያልተለካውን እናት አስቡ። በዝርዝሩ ላይ ካሉት ስንቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦባታል? እኛ ግን በእጇ ሙስበሃ ስላየን ብቻ «ደህና ናት» ብለን በሩን ገርበብ እናደርጋለን።

እንዴት ይጀመር?

ዕድሜው ለገፋ ወይም ወደዚያው ለሚጓዝ ሰው ጥሞናን በሥርዓት መለማመድ ይጠቅማል ካልን፣ አሠራሩን በአጭሩ እንመልከት።

1ኛ. ጊዜው የታወቀ ይሁን። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወይም ከመግሪብ በፊት ቢሆን መልካም ነው። በአምስት ደቂቃ ተጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ እስከ ሃያ ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። በየቀኑ የሚደረግ ጥቂት፣ አልፎ አልፎ ከሚደረግ ብዙ ይበልጣል።

2ኛ. አቀማመጡ ጉልበትን የማያስጨንቅ ይሁን። መሬት ላይ መቀመጥ ግዴታ አይደለም። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ሁለቱን እግሮች መሬት አስነክቶ መቀመጥ ይበቃል። ሲነሡ ቀስ ብሎ መነሣት ያስፈልጋል፤ በተለይ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ድንገት ሲቆሙ ዞሯቸው ሊወድቁ ይችላሉ። ለአረጋዊ ሰው አንድ መውደቅ ቀላል ነገር አይደለም።

3ኛ. ትንፋሽ በአፍንጫ ይግባ፤ ከገባበት ረዘም ብሎ ይውጣ። በግድ ማፈን አያስፈልግም።

4ኛ. ሐሳብ ይሸሻል። ወደ ልጆች፣ ወደ ኪራይ፣ ወደ ሞተ ወዳጅ ይሄዳል። ይህ ጥፋት አይደለም። ሄዷል ብሎ ማስተዋልና መመለስ ራሱ ልምምዱ ነው። በሶላት ውስጥ ኹሹዕ የሚፈልግ ሰውም ከዚህ ጋር ባዕድ አይደለም።

5ኛ. ማቆሚያውም ይታወቅ። ደረት የሚያስጨንቅ፣ የሚያዞር ወይም የሚያስደነግጥ ነገር ከመጣ ማቆምና ሐኪም ማማከር ይገባል። ጸጥታ ለአንዳንዱ ሰው የቆየ ሐዘን ወይም ያየውን መከራ ይቀሰቅስበታል። እንዲህ ያለው ሰው ብቻውን ከሚቀመጥ ከሚያምነው ሰው ጋር ቢነጋገር ይሻለዋል።

6ኛ. መድኃኒት አይቋረጥ። «ረጋ ብያለሁና ክኒኑን ትቼዋለሁ» ማለት አደገኛ ነው። የደም ግፊት ሳያሳምም ቆይቶ ድንገት የሚጥል በሽታ ስለሆነ የሚታወቀው በስሜት ሳይሆን በመለኪያ ነው።

ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል?

ይህ ክፍል በእኔ ዕድሜ ላሉት፣ ማለትም ወላጆቻቸው እያረጁ ላሉ ወገኖቼ ነው። በመጀመሪያ እንጠይቅ። «እማዬ፣ ብቻሽን መሆን ትፈልጊያለሽ ወይስ እንቀመጥ?» ብሎ መጠየቅ ደቂቃ አይፈጅም። መልሱ «ተዉኝ» ከሆነ ጸጥታውን እናክብር፤ ቴሌቪዥኑን ዝቅ እናድርግ፣ ልጆቹን ዝም እናሰኝ። መልሱ ዝምታ ከሆነ ግን ዝምታውን እንደ ፈቃድ አንቁጠረው።

ቀጥሎ ጆሮን፣ ዓይንንና የደም ግፊትን እናስመርምር። ሽማግሌ ስለሆነ አይሰማም፣ ስለሆነች አታይም እያሉ መተው ልማድ ሆኗል። የተደፈነ ጆሮ ይጠረጋል፤ የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ቁርኣን መቅራት አቁመው የነበሩ አባት ዓይናቸው ተከፍቶላቸው ሙስሐፉን መልሰው ቢይዙ ለልጃቸው ከዚህ የበለጠ ምን ምንዳ አለ?

ሦስተኛ፣ ደረጃው ያሰራቸውን እናውርድ። በሳምንት አንድ ጊዜ ለጁሙዓ እንኳ ቢሆን ሁለት ወጣቶች ደግፈው አንድ ሽማግሌ ማውረድ አይሳናቸውም። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ከጀማዓው የቀሩትን አረጋውያን የሚጠይቅ ሰው ቢመድቡ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን እንደሚተክል ሁሉ፣ ሰው በሕይወት እያለ በሩን የሚያንኳኳ ቢኖረው እንዴት መልካም ነበር!

በመጨረሻም፣ ጥሞናን ለእርጅና ብቻ አናቆየው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አምስት ነገሮችን ከአምስት ነገሮች በፊት እንድንጠቀምባቸው ሲመክሩ ወጣትነትን ከእርጅና በፊት በሚለው እንደጀመሩ በሐዲስ ተላልፏል። ሥልሳ ዓመት ሙሉ ለአንድ ደቂቃ ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ጡረታ በወጣ ማግስት ዝምታ ወዳጁ እንዲሆንለት ቢጠብቅ ይከብደዋል። ስልኩን ለአሥር ደቂቃ ማስቀመጥ ያቃተው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳም ነገ በጓዳ የሚቀመጠው አዛውንት እርሱው መሆኑን አይዘንጋ። ከዝምታ ጋር የሚተዋወቅበት ጊዜም፣ አብረውት የሚያረጁ ወዳጆች የሚያበጅበት ጊዜም አሁን ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ የሩቁን ምርምር ስናነብ ያልተባለውን እንዳንጨምርበት፣ የቅርቡን ሽማግሌ ስናይም ያልሆነውን እንዳንገምትለት እንጠንቀቅ። ዛሬ ማታ ቤታችን ስንገባ ጓዳው ዝም ያለ እንደሆነ አንኳኩተን እንግባ። ዚክር ላይ ከሆኑ ዱዓቸውን ተቀብለን እንወጣለን፤ ብቻቸውን ከሆኑ ደግሞ እንቀመጣለን። በኋለኛው ዕድሜያችን ልብ ያለው ጥሞናና የሚጠይቅ ሰው አላህ እንዳያሳጣን እለምነዋለሁ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።